ሞንቲቼሎ፦ ባለ አንድ ደርብ መስሎ የሚታይ ቤት

ከጓደኞቻችን አንዱ፥ በአሜሪካን አገር የሚኖር ዘመዱ የሰጠውን የአምስት ሳንቲም ገንዘብ አንድ ማታ በማደሪያችን ጠረጴዛ ላይ አኖረና «በዚህ ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው ቤት ስንት ደርብ ይመስላችኋል?» ሲል ጠየቀን። እየተቀባበልን አየነው። ጉልላት ያለው፥ ዓምዶች በፊቱ የቆሙለት፥ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ቤት ነው። ሁላችንም ባንድ ቃል «አንድ» አልን። እርሱም ሳቀና ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ገልጦ፥ ቤቱ ከላይ እስከ ታች እንደ ዳቦ ተቈርጦ የተነደፈበትን ሥዕል አሳየን። ከመሬት በላይ ሦስት ደርብ፥ ከመሬት በታች ደግሞ ሌላ ደርብ አለው።

በዚያ ማታ የተጀመረው ክርክር ብዙ ቀን ፈጀብን። ፈተና እየቀረበ ሳለ ስለ አንድ የሩቅ አገር የገጠር ቤት መከራከራችን አንዳንዶቹን አሥቋቸዋል። ነገር ግን ፕላኑን እየመረመርን በሄድን ቍጥር ነገሩ የግንብና የዓምድ ብቻ እንዳልሆነ ስለ ተረዳን፥ ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቤቱ ሞንቲቼሎ ይባላል፤ ትርጓሜውም በኢጣልያንኛ «ትንሽ ተራራ» ማለት ነው። የሚገኘውም በቨርጂኒያ ግዛት፥ በሻርሎትስቪል ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ራስ ላይ ነው። ባለቤቱና አርክቴክቱ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም በ1776 የአሜሪካንን የነጻነት መግለጫ ያረቀቀው፥ ኋላም ሦስተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። በትምህርት ቤት ሥነ ሕንፃ አልተማረም፤ በዘመኑ በቨርጂኒያ የሚያስተምረውም አልነበረም። የተማረው ከመጽሐፍ ነው።

ከመጽሐፎቹም ዋናው አንድሬያ ፓላዲዮ የሚባለው ኢጣልያዊ በ1570 በቬኒስ ያሳተመው፥ በአራት ክፍል የተጻፈው የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ነበረ። ፓላዲዮ በ1508 ተወልዶ በድንጋይ ጠራቢነት ሥራ የጀመረ ሰው ነው። በኋላ ወደ ሮማ እየሄደ የጥንቱን ፍርስራሽ በክንድና በገመድ ለካ፤ ከዚያም በቪቼንሳ ከተማ ዙሪያ ላሉ ባለርስቶች የገጠር ቤት ሠራላቸው። አንድ ትልቅ ሐሳብ ነበረው። ቤተ መቅደስ ቅርጹን የወሰደው ከጥንት ሰው መኖሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ የመኖሪያ ቤትም በዓምዶች ላይ ያረፈ የሦስት ማዕዘን ግንባር ቢኖረው ተገቢ ነው ይል ነበር። የዛሬ ሊቃውንት ይህ የተሳሳተ ግምት መሆኑን ይናገራሉ። ሆኖም ከዚህ ስሕተት የተነሣ በአውሮፓና በአሜሪካ የባለጸጋ የገጠር ቤት ሁሉ የቤተ መቅደስ ፊት ይዞ ቀረ። ስሕተት እንዲህ ያለ ልጅ ሲወልድ ማየት ይገርማል።

ከዚህ ሌላ የፓላዲዮ መጽሐፍ የሚያስተምረው ልክን ነው። መለኪያው ሜትር ወይም ክንድ ሳይሆን የዓምዱ የራሱ ውፍረት ነው። ቱስካን የሚባለው ዓምድ ቁመቱ የውፍረቱ 7 እጅ፥ ኢዮኒክ 9 እጅ፥ ኮሪንትያን 9 ተኩል እጅ ይሆናል፤ በቱስካንና በኢዮኒክ መካከል ዶሪክ አለ፤ ሞንቲቼሎ በውጭ የቆመበት ዓምድ ይህ ነው። የዓምዱ ውፍረት ከታወቀ የግንባሩ ከፍታና የጠርዙ ስፋት ሁሉ ከእርሱ ይወጣል። እንግዲህ ጄፈርሰን በአሜሪካ ጫካ መካከል ሆኖ፥ የፓላዲዮን አንድ ቤት እንኳ ቪቼንሳ ሄዶ ሳያይ፥ በማባዛትና በማካፈል ብቻ የሮማን ልክ ለማቆም የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ከመካከላችን የሒሳብ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ የተደሰተውን ያህል በፈተናው ውጤት ተደስቶ አያውቅም።

ቦታው ግን ፓላዲዮን የሚያስቈጣ ነበረ። መጽሐፉ የገጠር ቤት በወንዝ አጠገብ፥ ለእርሻው ቅርብ በሆነ ስፍራ ይሠራ ይላል። ጄፈርሰን የመረጠው ከባሕር ወለል በላይ 260 ሜትር ያህል የሚሆን፥ ውሃ የሌለው ኮረብታ ነው። በ1768 የኮረብታውን ራስ 250 ጫማ በ250 ጫማ አድርጎ እንዲደለድልለት ከአንድ ሰው ጋር ተዋዋለ፤ ዋጋውም 180 ቡሼል ስንዴና 24 ቡሼል በቈሎ ነበረ። በሚከተለው ዓመት 65 ጫማ ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ተቈፈረ፤ ጕድጓዱም በየጊዜው ይደርቅ ነበር። ሲደርቅ ውሃው ከኮረብታው ሥር ካሉት ምንጮች እየተቀዳ ይወጣል። ማን ይቀዳዋል? በፕላኑ ላይ ይህ አይታይም። ክርክራችንም መልኩን የለወጠው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው በ1769 ተጀመረ። የመጀመሪያው ቤት ግን ዛሬ በሳንቲሙ ላይ የምናየው አይደለም፤ በውጭ ሁለት ደርብ መሆኑ የሚታይ፥ ጉልላት የሌለው ቤት ነበረ። በ1782 ሚስቱ ሞተችበትና በ1784 ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ኋላም በዚያ የአገሩ መልእክተኛ ሆኖ እስከ 1789 ቈየ። በዚያ ጊዜ ኦቴል ደ ሳልም የሚባል ጉልላት ያለው ቤት በወንዙ ዳር ይሠራ ስለ ነበር፥ ከወንዙ ማዶ ባለው አትክልት ስፍራ ተቀምጦ ግንበኞቹን ሲመለከት ይውል ነበር። የፓሪስ አዲስ ቤቶች ሁሉ ባንድ ደርብ የተዘረጉ ይመስሉ ስለ ነበር ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። በ1796 የገዛ ቤቱን የላይኛውን ደርብ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። ዋናው ሥራ ያለቀው በ1809 ነው። የምዕራቡ በረንዳ ዓምዶች ግን እስከ 1820ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አላለቁም ነበርና፥ እንግዶች በዚህ ሁሉ ዘመን ግንባሩን የሚደግፉት የዛፍ ግንዶች ሆነው ያዩአቸው ነበር። የፕሬዚዳንት ቤትም እንደ ማንኛውም ቤት ነው፤ ግንባታ አያልቅም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ሦስቱ ደርብ እንዴት አንድ መስሎ ታየ? ዘዴው በመስኮቶቹ ላይ ነው። የሁለተኛው ደርብ መስኮቶች በክፍሉ ውስጥ ከወለሉ ጀምረው ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ በውጭ ሲታዩ ከታችኛው መስኮት ራስ ጋር ስለሚገናኙ አንድ ረዥም መስኮት ይመስላሉ። ሦስተኛው ደርብ በግድግዳው ላይ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል፤ ብርሃን የሚያገኘው በጣራው ላይ ከተገጠመ መስተዋት ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ በጣራው ዙሪያ የቆመው የእንጨት አጥር ዓይንን ወደ ላይ እንዳያልፍ ይከለክላል። ስለዚህ በውጭ የቆመ ሰው ቀላልና የረጋ ቤት ያያል፤ በሁለተኛው ደርብ የሚተኛው የልጅ ልጅ ግን ወደ ውጭ ለማየት መንበርከክ አለበት።

ደረጃዎቹም እንዲሁ ናቸው። በባለጸጋ ቤት ውስጥ ከመግቢያው አዳራሽ ፊት ለፊት ሰፊ ደረጃ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ጄፈርሰን ግን ሰፊ ደረጃ ቦታና ገንዘብ ያባክናል ብሎ ሁለት ጠባብ ደረጃዎችን በጓሮ በኩል ደበቃቸው። ስፋታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሕፃን የታቀፈች ሴት ወይም አልጋ ልብስ የተሸከመች ገረድ በዚያ ጠመዝማዛ እንዴት እንደምትወጣ እያንዳንዱ ይገምተው። ጉልላቱ በአሜሪካ በግል መኖሪያ ቤት ላይ ከተሠሩት የመጀመሪያው ነው፤ በሥሩ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል ከቤቱ ሁሉ ያማረ ሲሆን፥ በዚያ ጠባብ ደረጃ ካልሆነ በቀር ስለማይደረስበት ብዙ ሳያገለግል ዕቃ ማከማቻ ሆነ።

በውስጥ ያለው ብልሃት ብዙ ነው፤ ሁሉን ብንጽፍ የመጽሔታችን ወረቀት አይበቃንም። አልጋዎቹ በግድግዳ ውስጥ በተበጀ ጎድጓዳ ቦታ የተገጠሙ ናቸው። የባለቤቱ አልጋ በሁለት ክፍሎች መካከል ስለ ሆነ በአንድ ወገን ቢወርድ መኝታ ቤት፥ በሌላው ወገን ቢወርድ መጻፊያ ክፍሉ ይገባል። የእንግዳ መቀበያው የመስተዋት በር አንዱ መዝጊያ ሲገፋ ሁለተኛው በራሱ ይከፈታል፤ በወለሉ ሥር የሚያያዛቸው ሰንሰለት አለ። በዚያው ክፍል በግድግዳው ራስ ላይ የዞረው ጌጥ ከአንድ የሮማ ቤተ መቅደስ የተቀዳ ነው፤ የበሬ ራስ ቅልና የመሥዋዕት ዕቃ ይታይበታል። በመግቢያው አዳራሽ ያለው ሰዓት በመድፍ ጥይት በሚመስሉ ክብደቶች የሚሠራ ነው። ክብደቶቹ በግድግዳው ላይ ሲወርዱ የሳምንቱን ዕለት ያመለክታሉ። ነገር ግን አዳራሹ ለሰባት ቀን አልበቃም፤ ስለዚህ ወለሉ ተበስቶ ቅዳሜ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ዋለ። ሰዓቱ በውጭ በኩልም ፊት አለው፤ በዚያ ያለው የሰዓት እጅ ብቻ ነው፤ ደቂቃ አይቈጥርም። በውስጥ ያለው ግን ደቂቃውንም ሰኮንዱንም ይቈጥራል። ለሜዳ ሠራተኛ ሰዓቱ ይበቃዋል ተብሎ ይሆናል፤ ይህ ግን የእኛ ግምት ነው።

ክርክራችንን ያጋጋለው ይህ ሳይሆን ክንፎቹ ናቸው። ፓላዲዮ በሠራቸው የገጠር ቤቶች በዋናው ቤት ግራና ቀኝ ክንፎች አሉ፤ በእነርሱም ውስጥ ጎተራው፥ በረቱ፥ የእርሻ ዕቃው፥ የሠራተኛው ማደሪያ ይገኛል። ክንፎቹ ከቤቱ ጋር ባንድ መሥመር ቆመው በግልጽ ይታያሉ፤ ባለርስቱ ከእርሻው እንደሚኖር ማንም ያያል። ጄፈርሰን ይህን ፕላን ወሰደና አንድ ነገር ለወጠ። ክንፎቹን ከኮረብታው ተዳፋት ውስጥ ቈፍሮ ከተታቸውና በላያቸው የእንጨት ሰገነት ዘረጋባቸው። እንግዳው በሰገነቱ ላይ እየተንሸራሸረ ተራራውን ሲመለከት ከእግሩ በታች ወጥ ቤት፥ የወጥ ቤቷ ማደሪያ፥ ሥጋ በጢስ የሚደርቅበት ክፍል፥ የወተት ቤት፥ በማዶም የፈረስ ጋጣና የበረዶ ማከማቻ አለ። ሁለቱን ክንፎች የሚያገናኘውም በቤቱ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ነው፤ የቢራውና የወይን ጠጁ ጓዳ በዚያ ነው። ጢሱ፥ ሽታው፥ ጫጫታው፥ ሰውም ጭምር ከዓይን ጠፋ። ዕይታው ግን አልተጋረደም። እንደ ፕላን ከሆነ ከዚህ የበለጠ ብልህ ሥራ አላየንም፤ ይህን የማንክደው ነው።

ምግቡስ እንዴት ወደ ላይ ይወጣል? በመተላለፊያውና በጠባቡ ደረጃ ተጕዞ ከመብል ቤቱ በር ይደርሳል። በሩ በመካከሉ ባለ እንዝርት ላይ የሚዞር ሲሆን በጀርባው መደርደሪያ ተመትቶበታል። በውጭ ያለው አሳላፊ ሳህኖቹን በመደርደሪያው ላይ ይደረድርና በሩን ያዞረዋል፤ ምግቡ ገባ፥ አሳላፊው ግን በውጭ ቀረ። ከምድጃው ግራና ቀኝ ደግሞ በግድግዳው ውስጥ የተሰወሩ ትንንሽ ሣጥኖች በገመድ ይወጣሉ፤ በታች ያለው ሰው ሙሉ ጠርሙስ ይሰድዳል፥ በላይ ያለው ባዶውን ይመልሳል። በእያንዳንዱ እንግዳ አጠገብም መደርደሪያ ያለው ጠረጴዛ ይቀርባል፤ እንግዳው ለራሱ ያነሣል። እንዲህ ሆኖ ባለቤቱና እንግዶቹ የሚሰማቸው ጆሮ ሳይኖር ስለ ነጻነትና ስለ ሕዝብ መብት ይነጋገሩ ነበር።

በውጭ የቀሩት ባሮች ናቸው። ጄፈርሰን በሕይወቱ ዘመን 607 ሰዎችን በባርነት ገዝቷል፤ በሞንቲቼሎ ባንድ ጊዜ 130 ያህል ይኖሩ ነበር። ቤቱንም ከጄፈርሰን እርሳስ ወደ ኮረብታው ራስ ያመጡት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። ጡቡ ከዚያው አፈር ተቦክቶ እዚያው ተጠበሰ፤ በአንዳንዱ ጡብ ላይ ሳይደርቅ ያነሡት ሰዎች የጣት አሻራ ዛሬም ይታያል። ከቤቱ ዝቅ ብሎ «የእንጆሪ ዛፍ መንገድ» በሚባለው ጎዳና ላይ በልዩ ልዩ ጊዜ ከሃያ የበለጡ ጎጆዎችና የሥራ ቤቶች ቆመው ነበር። በ1794 በዚያ የምስማር መሥሪያ ተከፈተ፤ ምስማሩን የሚቀጠቅጡትም ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች ነበሩ። ጄፈርሰን ራሱ የየልጁን የቀን ሥራ እየመዘነ በመዝገብ ይጽፍ ነበር።

የእንጨቱን ሥራ የመሩት ጄምስ ዲንስሞርና ጆን ኒልሰን የሚባሉ ደመወዝተኛ አናጢዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር የሠራው ጆን ሄሚንግስ ግን ባሪያ ነበረ። ይህ ሰው የተዋጣለት አናጢ ሆኖ ከነጮቹ አናጢዎች በኋላ የሥራ ቤቱ ኃላፊ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ «ፓላዲዮም ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ግን መጽሐፍ አሳተመ» አለ። ለጊዜው ሁላችንም ዝም አልን።

ወንድሙ ጄምስ ሄሚንግስ በ1784 ከጌታው ጋር ፓሪስ ሄዶ የፈረንሳይን ወጥ አሠራር ተማረ፤ ነጻ የወጣውም ሙያውን ለሌላው ወንድሙ ካስተማረ በኋላ በ1796 ነው። እኅታቸው ሳሊ ሄሚንግስ የጄፈርሰንን ልጆች የወለደች ናት፤ ይህን ከ1998ቱ የደም ምርመራ በኋላ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ተቀብለውታል። መኖሪያዋ ነበረ ተብሎ የሚታመነው ክፍል ከደቡቡ ሰገነት ሥር፥ ማለት በዚያው በተሰወረው ክንፍ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ሐሳባችን ተከፈለ። አንዱ ወገን፥ ሕንፃ የሚመዘነው በልኩና በብርሃኑ ነው፤ የባለቤቱ ኃጢአት ወደ ዓምዱ አይተላለፍም አለ። ሌላው ወገን፥ እንዲህ ያለውን ቤት «ውብ» ብሎ የሚያስተምር መጽሐፍ መዘጋት አለበት አለ። እኛ ጸሓፊዎቹ ከሁለቱም ጋር አልተስማማንም። ለመጀመሪያው ወገን የምንለው ይህን ነው፤ የቤቱ ውበት ከመሰወሩ የተለየ ነገር አይደለም፤ ዝቅ ብሎ መታየቱ፥ ዕይታው አለመጋረዱ፥ ምግቡ ያለ እጅ መቅረቡ ሁሉ አንድ ሐሳብ ነው፤ ያንን ሐሳብ ያስፈለገውም የሚሰወር ሰው መኖሩ ነው። ለሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ፕላኑ ባይነበብ ኖሮ ወጥ ቤቷ ከሰገነቱ ሥር መሆኗን ከየት እናውቅ ነበር? መጽሐፉ የሚወቀሰው ሥዕሉን በማተሙ ሳይሆን፥ በሥዕሉ ላይ «መተላለፊያ» ብሎ ጽፎ በመተላለፊያው ማን እንደሚያልፍ ሳይናገር በመቅረቱ ነው።

ጄፈርሰን ሐምሌ 4 ቀን 1826 ሲሞት ከ107,000 ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ሁለት፥ በኑዛዜው ደግሞ አምስት ሰዎችን ነጻ አወጣ፤ ሌሎቹ ለዕዳው ዋስትና ነበሩ። ጆን ሄሚንግስ በኑዛዜው ነጻ ከወጡት አንዱ ሲሆን የአናጢነት ዕቃዎቹም ተሰጡት። በጥር 1827 ከቤት ዕቃውና ከከብቱ ጋር 130 ሰዎች በዚያው በሞንቲቼሎ ለጨረታ ቀረቡ።

ቤቱ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ሰው ተሻገረ፤ በ1834 ዩሪያ ሌቪ የሚባል የባሕር ኃይል መኰንን ገዛውና ቤተሰቡ ጠግኖ ይዞት ቈየ። በ1923 ለቤቱ ጥበቃ የተቋቋመ ማኅበር ተረከበው፤ ከ1938 ጀምሮ በአምስት ሳንቲሙ ላይ ታተመ፤ በ1987 ዩኔስኮ ጄፈርሰን ከነደፈው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ለብዙ ዘመን ጎብኚው የሚነገረው ስለ ሰዓቱና ስለ ሰንሰለቱ በር ነበረ። በደቡቡ ክንፍ የሳሊ ሄሚንግስ ነው የሚባለው ክፍል በ1941 የጎብኚዎች መጸዳጃ ቤት ተሠርቶበት ነበር። መጸዳጃው ፈርሶ፥ ወለሉ ተመርምሮ፥ ክፍሉ በስሟ ለሕዝብ የተከፈተው በ2018 ነው።

በጨረታው ከተሸጡት መካከል ኢዲት ፎሴት አንዷ ነበረች። በፕሬዚዳንቱ ቤት በዋሽንግተን ከፈረንሳዊ ወጥ ቤት ሙያ ተምራ፥ ከ1809 ጀምሮ በሰገነቱ ሥር ባለው ወጥ ቤት የበላይ ሆና ያገለገለች እርሷ ናት። ባሏ ጆሴፍ አንጥረኛ ነበረ፤ በኑዛዜው ነጻ ወጥቷል። ስለዚህ ነጻ የሚወጣው ባል ሚስቱና ልጆቹ ለልዩ ልዩ ገዢዎች ሲሸጡ ቆሞ አየ። በኋላ በሥራውና በዘመዶቹ እርዳታ ኢዲትንና ከልጆቹ አንዳንዶቹን መልሶ ሊገዛ ቻለ፤ ከዚያም ወደ ኦሃዮ ይዟቸው ሄደ። ልጁ ፒተር በተሸጠ ጊዜ 11 ዓመቱ ነበር። ሊያመልጥ ሞክሮ ተይዟል፤ ነጻ የወጣውም ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። በሲንሲናቲ ከተማ የታወቀ የግብዣ ምግብ አዘጋጅና የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ። ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው፥ በ1900፥ የተወለደበትን ቤት ሊያይ ወደ ኮረብታው ወጣ።